ቂብላን ይዘሽ ነይ

አብዱልናስር መንገድ ጠፍቶት አያውቅም። ይህን የሚናገረው ደግሞ ራሱ ነው፤ ሰርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ የሚሰማው ሰው እስካገኘ ድረስ። ጉራ ብቻ ነው እንዳይባል እውነትም አለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሜልበርን ውስጥ ታክሲ ነድቷል። ስልክ መንገድ መምራት ሳይጀምር በፊት የከተማዋን ካርታ እንደ ፋቲሓ በቃሉ ይዞ ነበር። ተሳፋሪ የመንገዱን ስም ግማሹን ከጠራለት ቀሪውን እሱ ይሞላዋል። ታክሲውን ከሸጠ አራት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ግን ፍሌሚንግተን ካለው የአሥራ አራተኛ ፎቅ መስኮቱ ላይ ቆሞ ቁልቁል መኪኖቹን እያየ፣ "ይሄ ሰውዬ በዚህ በኩል ምን ያደርጋል? በወዲያ ቢታጠፍ አይሻለውም?" እያለ ይቆጣል።

ሚስቱ ዙሃራ ሌላ ናት። ከደሴ ወጥተው በሱዳን በኩል ሜልበርን ሲገቡ እሷ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ቁጥር ታውቃለች፣ አንዴ ያየችውን ፊት አትረሳም፤ የመንገድ ምልክት ግን ለእሷ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቆርቆሮ ነው። የመጡ ሰሞን ከተማ ወርዳ ጠፋች። አብዱልናስር ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈልጎ፣ አንድ የትራም ፌርማታ ላይ ኩርምት ብላ ስታለቅስ አገኛት። ያን ቀን ዘዴ አበጀላት።

"ስሚ ዙሃራ፣ ሲጠፋብሽ አትደንግጪ። ቂብላን ይዘሽ ነይ። ሕንፃዎቻችንን ስታዪ ቤትሽ ደርሰሻል ማለት ነው። ፌርማታው ላይ ቁጭ በይ፤ መጥቼ እወስድሻለሁ።"

ሜልበርን ላይ ቂብላ፣ ሲሰግዱ ወደ መካ የሚዞሩበት አቅጣጫ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ነው። ከመሀል ከተማ ለሚነሳም ሰው የፍሌሚንግተን ረጃጅም ሕንፃዎች የሚታዩት ወደዚያው ገደማ ነው። መንግሥት ሊያፈርሳቸው ነው የሚል ደብዳቤ መጥቷል፤ እስካሁን ግን ቆመዋል። ዙሃራ ሠላሳ ዓመት በዚህ ዘዴ ኖረች። ገበያ ሄዳ፣ ሐኪም ቤት ሄዳ፣ ፅዳት የምትሠራበት ቢሮ ውላ፣ ግራ ሲገባት ቀና ብላ ፀሐይቱን ታይና ትነሳለች። ፌርማታው ላይ ቁጭ ትላለች፤ እሱም ታክሲውን ይዞ ይመጣል። ልጆቿ ይስቁባት ነበር። ሳቁ እንጂ፣ እሷ አንድም ቀን ሳትመለስ አላደረችም።

እንግዲህ በዚያ በመስከረም መግቢያ ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አብዱልናስር በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆነ ጉልበቱን ወንበር ላይ ዘርግቶ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"አብዱ፣ ጠፋሁ" አለች ዙሃራ።

"የት ሆነሽ ነው የጠፋሽው?"

"ባውቀውማ መች እጠፋ ነበር?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ። ዙሃራ ያለችው ስፔን፣ ኮርዶባ ከተማ ነው። እዚያ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዌሪቢ የሚኖረው አብዱልራህማን፣ በሳምንቱ ቀን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ሰብስቦ መካ ለዑምራ ይወስዳል። ዘንድሮ ሲመለሱ ሦስት ቀን የስፔንን አንዳሉስ እናሳያችኋለን አለ፤ የጥንት ሙስሊሞች የኖሩበትን ከተማ፣ ጠባብ መንገዶቹን፣ ስምንት መቶ እና ዘጠኝ መቶ ዓመት የቆዩትን ግንቦች። ኒስሪን፣ የአብዱልናስር ልጅ፣ ለእናትና ለአባቷ ቡክ አደረገች። እሱ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነና ቀረ። ዙሃራ ብቻዋን ሄደች።

ብቻዋን መሄድ ያልነበረባት ሰው ናት። ይህን የሚያውቁት ደግሞ እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

ማርች ላይ ሜመሪ ክሊኒክ የሚሉት፣ የመርሳት ችግር የሚመረመርበት ቦታ ሄደው ነበር። ሐኪሟ ወረቀት ሰጥታ ሰዓት ሳይልኝ አለቻት። ዙሃራ ክቡን አሳምራ ሣለችና ቁጥሮቹን በሙሉ አንድ ጎን ላይ አከማቸቻቸው። ጨርሳ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ኩራት ነበር። አብዱልናስር ያንን ኩራት ማየት አቅቶት ጫማውን አየ። ሐኪሟ የበሽታውን ስም ነገረቻቸው፤ ገና ጅምሩ ነው አለች። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ዙሃራ እንዲህ አለችው፦

"ለልጆቹ እንዳትነግር። ለሰውም እንዳትነግር። አደራ።"

"እሺ።"

"ሳልረሳው ደግሞ ካዕባን ልይ።"

ይህን የምትል ሴት ምን ብለህ ትከለክላታለህ? አብዱልናስር አልከለከለም። የጉዞው ፎርም ላይ 'የጤና ችግር ካለ ይግለጹ' የሚል ሳጥን ነበር፤ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ 'የለም' ብሎ ሞላው። ለአደራዋ ብሎ ነው። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ለራሱም ብሎ ነው። የሠፈሩ ሰው፣ "የአብዱልናስር ሚስት ኩሽናዋ ጠፋት አሉ" እንዳይል ፈርቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ ራሱ ላይ ሲደርስ ገበናዬ ብሎ ሸሸገው።

"ከግሩፑ እንዴት ተለየሽ?" አላት።

"ከትልቁ የድሮ መስጊድ ወጣን። ሻንጣችንን ልንይዝ ወደ ሆቴል ስንመለስ ጫማዬ ተፈታ። ጎንበስ ብዬ አስሬ ቀና ስል ሰው የለም። ተከተልኳቸው። ግን መንገዱ... አብዱ፣ መንገዱ ሁሉ አንድ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ግድግዳ። አበባ ተሰቅሏል። ሰው ሁለት ሆኖ አያልፍም።"

"ስልክሽ ስንት ቻርጅ አለው?"

"ስምንት ይላል። ለልጆቹ ቪዲዮ ሳነሳ ነበር።"

ስምንት። ሎኬሽን ላኪልኝ ሊላት አሰበና ተወው፤ ባለፈው ሳምንት መካ ሆና ሎኬሽን እልካለሁ ብላ ስልኩን ዘግታ፣ መልሶ ለመክፈት ሰው ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጅታለች። አሁን ከእጁ ካመለጠች አያገኛትም። አብዱልራህማንን መጥራት ነበረበት፤ መጀመሪያ መደረግ ያለበት እሱ ነበር። ግን ከተጠራ ይጠይቃል። ሆቴሉ እንደሆነ አሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሌላው ሁሉ የደረሰበትን እሷ ለምን ሳተችው? እዚህ ላይ አብዱልናስር ጉራውን አመነ። እኔ እያለሁ ብሎ። ታብሌቱን ሳበና የኮርዶባን መንገዶች በፎቶ የሚያሳየውን ካርታ ከፈተ። አይቶት የማያውቀውን ከተማ ሊነዳው ጀመረ።

"ምን ይታይሻል? ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ።"

"በር አለ። አሥራ አራት ቁጥር።"

"ሌላ?"

"ድመት።"

"ዙሃራ!"

"ታዲያ ያየሁትን አላልክም?"

በጣቱ እየገፋ በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ይነዳል። ታጠፍ፣ ነጭ ግድግዳ። ታጠፍ፣ ሰማያዊ ማሰሮ። ታጠፍ፣ የተዘጋ መንገድ፤ ወደ ኋላ። በሜልበርን መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ቢያመልጥህ በሚቀጥለው ትታጠፋለህ። ይህን ከተማ የሠራው ሰው ግን ፀሐይንም ጠላትንም ላለማስገባት ነው የሠራው፤ ለታክሲ ነጂ የሚሆን ምንም አላስቀረም። "ለሰው ስልኩን ስጪ፣ ላናግረው" አላት። አንዱን አስቁማ ሰጠችው። ሰውየው ምንነቱን ባላወቀው ቋንቋ ሁለት ቃል ተናግሮ፣ ይቅርታ የሚመስል ነገር ብሎ መለሰላት። እሱም አገር ጎብኚ ነው፤ እሱም ምናልባት ጠፍቶታል።

"አብዱ፣ ልቤ ይመታል።"

"አብሽሪ። አብሽሪ ዙሃራ፣ አለሁ። ትንሽ ሂጂ። ሰፋ ያለ ቦታ ካለ ንገሪኝ።"

የእርምጃዋ ድምፅ ይሰማዋል። ትንፋሿም። አምስት አለች፤ ቻርጁን ማለቷ ነው። ከዚያ ቆመች።

"አንድ ሽማግሌ አለ። የነሐስ። ተቀምጧል፣ ጥምጣም አድርጓል፣ እጁ ላይ መጽሐፍ ይዟል። ጫማው ያበራል፤ ሰው ሁሉ ይነካዋል መሰለኝ።"

አብዱልናስር የታብሌቱን መፈለጊያ ከፈተ። ኮርዶባ፣ ሐውልት፣ ጥምጣም ብሎ ጻፈ። ወጣለት! ቁጭ ያለ የነሐስ ሽማግሌ፣ ጫማው የሚያበራ። ካርታው ላይ አገኘው። "አግኝቼሻለሁ!" ብሎ ጮኸ፤ ጎረቤት ይሰማል አላለም። እንባው መጣ። አብዱልናስር በኩራትና በፍቅር መሀል ሆኖ የሚያለቅስ ጊዜ ለአፉ ልጓም የለውም፤ ወላሂ እኔ እኮ ነኝ፣ ወላሂ የትም ብትገቢ አላጣሽም እያለ ይለፈልፋል።

"ሆቴሉ በየት በኩል ነው?" አለች።

አየ። ሆቴሉ ከሽማግሌው በስተምሥራቅ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን የቂብላ አመልካች ከፍቶ ኮርዶባ ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ወደ መካ ቀስቱ ወደ ምሥራቅ ያመለክታል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? የሠላሳ ዓመቱ ዘዴ ራሱ መጣለት።

"ቂብላን ይዘሽ ሂጂ። ዝም ብለሽ ቂብላን ይዘሽ። አሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅብሽም፤ አብዱልራህማንን በር ላይ አቆመዋለሁ።"

ዙሃራ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ድምፅዋ የድሮው ድምፅዋ ሆነ።

"እሱማ አይጠፋኝም" አለች። "ቂብላማ አይጠፋኝም፣ አብዱ።"

ስልኩ ሞተ።

አብዱልራህማንን ጠራው። ቀለል አድርጎ፣ ዙሃራ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፣ መንገዱን አሳይቻታለሁ፣ እየመጣች ነው፣ በር ላይ ቁም አለው። "እሺ ጋሼ አብዱልናስር፣ እኔ እኮ ከተጓዦቹ ከነ ሳጂዳ ጋር ቀድመው የሄዱ መስሎኝ ነው፤ አይሥጉ" አለ አብዱልራህማን። ሌላ አልጠየቀም። አብዱልናስርም ሌላ አልነገረውም።

ሩብ ሰዓት አለፈ። አብዱልራህማን አልደወለም። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ራሱ ደወለ፤ አልደረሰችም። በእርጅና እግር ነው የምትሄደው ብሎ ራሱን አጽናና። ግማሽ ሰዓት ሆነ። አሁንም የለችም። የመግሪብ አዛን ከስልኩ ላይ ጮኸ። ኒስሪን ሥራ ውላ ከታርኔት ወደ እሱ እየመጣች ነበር፤ እራት ልታቀርብለት። እሷ ሳትደርስ ልስገድ አለና ዉዱእ አድርጎ፣ ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ወንበሩን መስገጃው ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ መስኮቱ ዞረ። እጁን ወደ ጆሮው አነሳ።

መስኮቱ ላይ ፀሐይቱ ገና መጥለቋ ነበር። ሰማዩ ልክ በፊቱ ቀልቷል።

እጁ በአየር ላይ ቀረ። አላሁ አክበር ሊል የከፈተው አፍ ሌላ ነገር አለ፤ "ያ አላህ፣ ምን አደረግሁ" አለ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ሠላሳ ዓመት የሰገደው ወደ ፀሐይቱ መጥለቂያ ነው። እሷም እንደዚሁ። ቀስቱን ያየው እሱ ነው፣ ካርታውን ያየው እሱ ነው። እሷ ቀስት የላትም። ለዙሃራ ቂብላ ማለት ፀሐይ የምትገባበት ነው፤ ሦስት ቀን ኮርዶባ ስትሰግድ ሰልፉ የዞረበት ዞረች እንጂ ወዴት እንደሆነ ማን ነገራት? አሁን እዚያ ጠዋት ነው። ፀሐይቱን ፊቷ ላይ አድርጋ መሄድ ነበረባት። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታታለች። ከሆቴሉ እየራቀች፣ ከጥንቱ ቅጥር ወጥታ፣ ወደማታውቀው ሰፊ መንገድ። አላመነታችም። እሱ ነዋ ያላት።

ስልኩን አነሳ።

"አብዱልራህማን፣ በተቃራኒው ነው የሄደችው። ወደ ምዕራብ። ከቅጥሩ ውጭ ፈልጉ።"

"ጋሼ፣ ሰው እንዴት ሆቴሉን እንዲህ ይስታል? ትናንትም ከትናንት ወዲያም አብረን ተመላልሰንበታል እኮ። ደግሞም ደክሟት አንዱ ካፌ አረፍ ብላ ይሆናል፤ የኤርፖርቱ አውቶቡስም..."

"ታማለች" አለ አብዱልናስር።

"ምን አሉኝ?"

"ታማለች። ትረሳለች። ሐኪም ነግሮናል። ፎርሙ ላይ ዋሽቻለሁ፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። የት እንዳለች እንኳ ልትረሳ ትችላለች። ፖሊስ ጥራ። ለአላህ ብለህ ቶሎ በል።"

ዞር ሲል ኒስሪን በሩ ላይ ቆማለች። ቁልፉ ገና ቀዳዳው ውስጥ ነው፤ በሌላው እጇ የምግብ ሳህን ይዛለች። ሳህኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ሲንስ ዌን?" አለች።

"ኒስሪን..."

"ከመቼ ጀምሮ፣ አባዬ?"

"ማርች።"

"ማርች" ብላ ደገመችው። ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች፣ ስድስት ወር። "እኔ እኮ ነኝ ቡክ ያደረግሁት። ብቻዋን እንድትሄድ አይዞሽ ያልኳት እኔ ነኝ። ኤርፖርት ላይ አቅፋኝ ሁለት ጊዜ ስሜን ስትሳሳት ሳቅኩባት። ሳቅኩባት፣ አባዬ!"

አደራ ብላኛለች ሊል ይችል ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ሳበላት። ቁጭ አሉ፣ አባትና ልጅ፣ ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ አድርገው። በየሩብ ሰዓቱ አብዱልራህማን ይደውላል። አሥራ ሰባቱ ተጓዦች ተበትነው እየፈለጉ ነው። ፖሊስ ፎቶዋን ወስዷል። የአውሮፕላን ማረፊያው አውቶቡስ ሄዷል፤ ማንም አልተሳፈረበትም። ሙቀቱ ሠላሳ አራት ደርሷል። ቀጥሎ ሠላሳ ስድስት። ኒስሪን የአየሩን ነገር ስልኳ ላይ እያየች ታነባለች፤ አብዱልናስር ተይ አይላትም። ውኃ ይዛ እንደሆን አያውቅም። ቁርስ በልታ እንደሆን አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት የሰከረውን፣ ያበደውን፣ ባዕዱን ሁሉ ደጃፉ ድረስ አድርሶ፣ የገዛ ሚስቱን በስልክ ገደል ከተታት። መስኮቱ ጨለመ። ዱዓ ሊያደርግ ወደ ቂብላ መዞር አፈረ፤ ባለበት ተቀምጦ አደረገ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የቪዲዮ ጥሪ ነው።

"ተገኝተዋል!" አለ አብዱልራህማን። ፊቱ በላብ ታጥቧል፣ ድምፁ ተቆራርጧል። "አልሐምዱሊላህ፣ ተገኝተዋል ጋሼ! ከቅጥሩ ውጭ፣ ትልቁ መንገድ ዳር፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጠው። ከዚህ አልነሳም ብለው ነው። አምቡላንስ እየመጣ ነው። ያናግሯቸው።"

ኒስሪን አለቀሰች። ስልኩ ተወዛወዘና የዙሃራ ፊት መጣ። ሻሿ ረጥቧል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ዓይኗ ግን የተረጋጋ ነው። የአንድ ሰው ደግ እጅ የውኃ ጠርሙስ ያዘላት። ከኋላዋ በነጭ ፀሐይ ውስጥ መኪኖች ያልፋሉ።

"አብዱ" አለች። ተቆጥታለች። "የት ቆየህ?"

"ዙሃራ፣ ደህና ነሽ? ይቅር በይኝ፣ እኔ ነኝ..."

"ቂብላን ይዤ መጣሁ፣ እንዳልከኝ። ከተቀመጥኩ ቆየሁ። ይሄ ልጅ ተነሽ ይለኛል፤ ባለቤቴ መጥቶ ይወስደኛል አልኩት። አይሰማም።"

አብዱልራህማን ከጎኗ አንገቱን ደፋ። ኒስሪን እንባዋን በእጇ ጀርባ ያዘች። ዙሃራ ዙሪያዋን ቀስ ብላ ታያለች። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ፍርሃት መጣ።

"ሕንፃዎቻችን ግን የሉም" አለች። "ያ ደብዳቤ የመጣው... ሊያፈርሷቸው ነው ያላችሁት፣ ሳልመጣ አፈረሷቸው እንዴ? አብዱ፣ አንተ የት ነህ ታዲያ? ቤታችን ከሌለ አንተ የት ነህ?"

"አለሁ" አለ። "አልፈረሰም። ቤት ነኝ፣ መስኮቱ ላይ።"

"እንግዲያው ታክሲውን ይዘህ ና። ፀሐዩ ከበደኝ።"

ታክሲው ከተሸጠ አራት ዓመቱ ነው። በመካከላቸው ግማሽ ዓለም አለ። ኒስሪን እውነቱን ንገራት በሚል ዓይን አየችው፤ ከእንግዲህ ውሸት ይብቃን የሚል ዓይን ነው። አብዱልናስር ልጁን አየ፣ ስልኩን አየ። ከዚያ በበሽተኛ ጉልበቱ ተነሳና፣ ዙሃራ እንድታይ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ከተተ።

"እዚያው ቁጭ በይ" አላት። "ተነስቻለሁ።"